እግር ሲደነዝዝ መንገዱ የት ጋ ተቋረጠ? በጥጥ፣ በስቴኪኒና በእስክሪብቶ የሚሠራ የቤት ውስጥ ፍተሻ

«ነርቭ ነው ተብያለሁ» ብሎ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍሌ የሚገባ ሰው ከእኔ የሚሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ «የቱ ጋ?» የሚል ነው። አብዛኞቹ እግራቸውን ያሳዩኛል። እግሩማ የሚደነዝዘው ነው፤ የተጎዳው ግን ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላል። የእግር ጣት እንዲደነዝዝ ያደረገው ነገር እዚያው ጣት ላይ፣ ወገብ ላይ፣ አንገት ላይ ወይም አንጎል ውስጥ ሊገኝ ይችላል፤ ሕክምናውም እንደ ቦታው ይለያያል። ይህን ሳይለዩ በየሳምንቱ የቢ ቫይታሚን መርፌ የሚወጉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ እናደዳለሁ። መርፌው የሚጠቅመው ቫይታሚኑ ለጎደለበት ሰው ነው። ቢ6 የሚባለው ደግሞ ከመጠን ሲያልፍ ራሱ የስሜት ነርቭን ይጎዳል።

ይህ መመሪያ በተለይ የስኳር ሕመም ላለባቸው ሰዎችና ለሚንከባከቧቸው ቤተሰቦች የተጻፈ ነው። ለበሽታው ስም መስጠት የሐኪም ድርሻ ነው። የእርስዎ ድርሻ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ «እግሬን ይደነዝዘኛል» ከሚል አንድ ዓረፍተ ነገር የተሻለ ነገር ይዞ መገኘት ነው። «ጥጥ እስከ ቁርጭምጭሚቴ አይሰማኝም፤ ስቴኪኒ ግን ይሰማኛል፤ ሁለቱም እግሮቼ እኩል ናቸው፤ ከጀመረኝ አንድ ክረምት አልፎታል» ያለ ታካሚ የሐኪሙን ሥራ በግማሽ አቅልሎለታል።

መጀመሪያ መንገዱን ይወቁ

ቆዳ የሚነካውን ሁሉ በአንድ ነርቭ አይልክም። ለስላሳ ንክኪ፣ ግፊት፣ ንዝረት፣ የመገጣጠሚያ አቋም፣ ሕመም፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ የየራሳቸው ተቀባይ አላቸው። ንዝረትን የሚቀበሉት ጠለቅ ብለው የተቀመጡና በተደራረበ ስስ ሽፋን የተጠቀለሉ ናቸው። ሕመምንና ሙቀትን የሚቀበሉት ግን እንዲህ ያለ መጠቅለያ የሌላቸው የነርቭ ጫፎች ናቸው። ሚጥሚጣ የነካው ጣት ከንፈር ላይ ሲያርፍ የሚያቃጥለው በእነዚሁ ጫፎች በኩል ነው። ሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚከፍተው በር ከ43 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ የሆነ ሙቀት የሚከፍተውን ያንኑ በር ነው፤ አንጎል የሚደርሰው መልእክት አንድ ዓይነት ስለሆነ ያልተቃጠለው ከንፈር ተቃጠልኩ ይላል። ይህን በር ያገኘው ዴቪድ ጁሊየስና የንክኪን በር ያገኘው አርደም ፓታፑቲያን እ.ኤ.አ. የ2021ን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተጋርተዋል።

ፍጥነታቸውም ይለያያል። የንክኪና የንዝረት ነርቮች ወፍራሞችና ማይሊን በሚባል ስባማ ሽፋን የተጠቀለሉ በመሆናቸው ምልክቱን በሰከንድ ከ35 እስከ 75 ሜትር ያስኬዱታል። የመጀመሪያውን ስል ሕመም የሚያደርሱት ቀጠን ያሉ ነርቮች በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይልካሉ። ከሁሉም የቀጠኑትና ማይሊን የሌላቸው ከግማሽ እስከ ሁለት ሜትር ብቻ ነው የሚልኩት። የእግርዎን ጣት ከአልጋ እግር ጋር ሲያጋጩት መጀመሪያ ስል ያለ ሕመም ብልጭ ይላል፤ ጥቂት ፋታ ይሰጥና የሚያንገበግበው ይከተላል። ከጣት እስከ ሕብለ ሰረሰር (በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚያልፈው የነርቭ ገመድ) አንድ ሜትር ያህል ስለሚሆን ዘገምተኛው ሕመም እዚያ ለመድረስ አንድ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። እጅ ወዲያው ጣቱን ማሸት የሚጀምረውም በከንቱ አይደለም፤ ፈጣኑ የንክኪ ምልክት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ የሕመሙን ምልክት ያዳክመዋል። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል ይህን ሐሳብ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1965 ነው።

ምልክቱን ከጣት እስከ አንጎል ሦስት ነርቮች እየተቀባበሉ ያደርሱታል፤ ከአያት ተነስቶ ሁለት ቦታ ታክሲ እየቀየረ መርካቶ እንደሚደርስ ተሳፋሪ ማለት ነው። ለፍተሻችን ዋናው ቁም ነገር የሚቀየርበት ቦታ ነው፤ ምክንያቱም ወደ አንጎል የሚወጡት ዋና ዋና መንገዶች ሁለት ናቸው፤ የሚቀይሩትም የሚሻገሩትም በተለያየ ከፍታ ላይ ነው።

የንዝረት፣ የመገጣጠሚያ አቋምና የጠራ ንክኪ ምልክት ሕብለ ሰረሰር ውስጥ ገብቶ ሳይቀይርና ሳይሻገር፣ በገባበት ጎን በኋለኛው ክፍል በኩል ሽቅብ ይወጣል። የመጀመሪያው ነርቭ የሚያበቃው የአንጎል ግንድ ታችኛው ክፍል ላይ፣ ከማጅራት በላይ ነው። ምልክቱ እዚያ ለሁለተኛው ነርቭ ተላልፎ ወደ ተቃራኒው ጎን ይሻገርና ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል ክፍል ይሄዳል፤ ከታላመስ ሦስተኛው ነርቭ ወደ አንጎል ቅርፊት ያደርሰዋል። እንግዲህ ከእግር አውራ ጣት ተነስታ አንጎል ግንድ ላይ የምትደርሰው አንዲት ሕዋስ ናት፤ ረዘም ባለ ሰው ከአንድ ሜትር ተኩል ትበልጣለች። ዋናው አካሏ የተቀመጠው በአከርካሪ አጠገብ ባለች ትንሽ ጉብታ ውስጥ ሲሆን፣ እስከ ጣት ጫፍ ያለውን ርዝመት ሁሉ የምትመግበው ከዚያ ሆና ነው። ስኳር ሲጎዳት መጀመሪያ የምትከዳው ጣት ጫፍ ላይ መሆኑ ለምን ያስገርማል?

የሕመምና የሙቀት ምልክት ግን ሕብለ ሰረሰር እንደገባ በዚያው አካባቢ ይቀይራል፤ አንድ ወይም ሁለት የአከርካሪ አጥንት ያህል ሳይርቅም ወደ ተቃራኒው ጎን ተሻግሮ ይወጣል። በዚህ ምክንያት ሕብለ ሰረሰሩ በአንድ ጎኑ ብቻ በጩቤ ወይም በጥይት የተቆረጠ ሰው የሚያሳየው ነገር ለጀማሪ ተማሪ እንቆቅልሽ ነው፤ በተጎዳው ጎን ያለው እግር ንዝረትና አቋም ያጣል፤ ሕመምና ሙቀት የሚያጣው ግን ደህና የሚመስለው ሌላኛው እግር ነው። ይህን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያብራራው ሞሪሸስ የተወለደው ሻርል ኤድዋርድ ብራውን ሴካር ሲሆን፣ ጉዳቱ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ቀለል ያለ ንክኪ በከፊል በሁለቱም መንገዶች ይሄዳል። ስለዚህ ጥጥ ተሰማኝ ማለት መንገዱ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይደለም። ከዚህ በታች ብዙ ዓይነት ፍተሻ የምዘረዝረው ለዚህ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት

የሚያስፈልገው ጥጥ፣ ያልተነካ ስቴኪኒ፣ የብረት ማንኪያ፣ ንዝረት ያለው ስልክ፣ እስክሪብቶና ወረቀት ነው። መርፌ አይጠቀሙ፤ የማይሰማ እግር ላይ መርፌ የከፈተው ቀዳዳ ቁስል ይሆናል። ሙቅ ውኃም አይጠቀሙ። ሙቀት የማይለይ እግር የሚቃጠለው ሙቀት መለየቱን ለማወቅ በተነከረበት ውኃ ነው።

እግሩ ይታጠብ፤ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር ይድረቅ። ቆዳው ይታይ፤ የጠነከረ፣ የቀላ ወይም የተሰነጠቀ ካለ ይመዝገብ። ጫማውም ይራገፍ። አንድ ጊዜ የማክማቸው አባት ጫማቸውን ሲያወልቁ ቆርኪ ተንከባሎ ወጣና ወለሉ ላይ ተሽከረከረ። ውስጥ እግራቸው ላይ የቆርኪው ጥርሶች ክብ አድርገው ታትመዋል፤ መሀሉ ቀልቷል። «ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?» አሉኝ። ጫማውን ያጠለቁት ጠዋት ገበያ ሲወጡ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ደርሷል። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ፍተሻ አላስፈለገም ነበር፤ ቢሆንም ሁሉንም አደረግሁላቸው።

እግር በቀዘቀዘበት ሰዓት አይፈትሹ። በሐምሌ ጭቃ ውሎ የመጣ እግር ደህናም ቢሆን ደንዝዞ ይቆያል። ተመርማሪው ጋደም ይበል፤ ክፍሉ ጸጥ ይበል፤ ቴሌቪዥኑ ይጥፋ።

ከሁሉ በላይ ውጤቱን የሚያበላሸው ይሉኝታ ነው። ልጅ በነካች ቁጥር «አባዬ፣ ይሰማዎታል?» ትላለች፤ አባት ልጁን ላለማስጨነቅ «አዎ ልጄ፣ ተመስገን» ይላል። እንዲህ ከተጠየቀ የእንጨት እግር ያለውም ሰው ይሰማዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ደረታቸው መሀል ላይ ጥጡን ነካ አድርገው «ይሄ ነው እንግዲህ» ብለው ያሳዩ። ከዚያ እንዲህ ይበሉ፦ «አባዬ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። አንዳች ነገር በነካዎት ቁጥር ‹አሁን› ይበሉኝ፤ ካልነካዎት ዝም ይበሉ።» ከዚህ በኋላ አፍዎን ይዝጉ። አንዴ ፈጠን፣ አንዴ ዘግየት እያሉ ይንኩ፤ አንዳንዴም ሳይነኩ ይቆዩ። ምንም ሳይነኩ «አሁን» ካሉ እየገመቱ ነው፤ ያሳርፏቸውና እንደገና ይጀምሩ።

ፍተሻው

በጣት ጫፍ ይጀምሩ። በእንግሊዝ አገር ኢፕስዊች ከተማ ያሉ ሐኪሞች ያወጡት ፍተሻ መሣሪያ ፈጽሞ የማይፈልግ ስለሆነ ለቤት ይመቻል። በሌባ ጣትዎ ጫፍ የእግር ጣቶችን ጫፍ ከአንድ እስከ ሁለት ሰከንድ ብቻ፣ እንደ ላባ አቅልለው ይንኩ። አይጫኑ፤ አይደባብሱ፤ ያልተሰማቸውን ጣት ደግመው አይንኩ። ቅደም ተከተሉ የቀኝ አውራ ጣት፣ የቀኝ ትንሿ ጣት፣ የግራ አውራ ጣት፣ የግራ ትንሿ ጣት፣ ከዚያ የቀኝ መካከለኛና የግራ መካከለኛ ነው። ከስድስቱ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ካልተሰሙ የእግሩ ስሜት ቀንሷል ተብሎ ይወሰዳል፤ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ለሐኪም መንገር ነው። ጤና ተቋም ውስጥ ይህን ሥራ የሚሠራው ሲጫኑት በ10 ግራም ኃይል የሚጎብጥ የናይለን ክር ነው።

ጥጡን ወደ ጫፉ ቀጠን አድርገው ያሹትና ቆዳውን ነካ ያድርጉበት። ወደ ጎን አይሳቡት፤ ጥጥ ሲሳብ ይኮረኩራል፤ መኮርኮር ደግሞ በሌላው፣ በሕመሙ መንገድ ጭምር ይሄድና ውጤቱን ያደባልቅብዎታል።

በስቴኪኒው ሹል ጫፍና በደነዘው ጎን እያፈራረቁ ይንኩ፤ መልሱ «ሹል» ወይም «ደነዝ» ነው። ቆዳው ጎድጎድ እስኪል እንጂ እስኪበሳ አይደርስም። ተመርማሪው መነካቱን እያወቀ ሹሉን ከደነዙ መለየት ካልቻለ ያ ራሱ ውጤት ነው፤ የንክኪው መንገድ እየሠራ የሕመሙ መንገድ ደክሟል ማለት ነው። ስቴኪኒውን ሰባብረው ይጣሉት፤ ለሌላ ሰው አይጠቀሙበት።

ማንኪያውን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ጥቂት አቆይተው አድርቀው እግር ላይ፣ ከዚያ ግንባር ላይ ያሳርፉ። «የቱ ይበልጥ ቀዘቀዘዎት?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ለንዝረት እኔ የምጠቀመው ሲመታ በሰከንድ 128 ጊዜ የሚርገበገብ ባለ ሁለት ጣት ብረት ነው፤ የእግሩ አውራ ጣት አጥንት ላይ አሳርፌ «ሲያቆም ይንገሩኝ» እላለሁ። ስልክዎ ይህን አይተካውም፤ ቢሆንም የሚንዘረዘረውን ስልክ ጠርዝ በአውራ ጣቱ አጥንት፣ በቁርጭምጭሚቱ ጉብታ፣ ከዚያ በጉልበቱ አጥንት ላይ አሳርፈው የት ላይ መሰማት እንደጀመረ ቢመዘግቡ ጠቃሚ ፍንጭ ይሆናል። ድምፁን ሰምተው እንዳይመልሱ ስልኩን በስስ ጨርቅ ይጠቅልሉት።

የመገጣጠሚያ አቋም ፍተሻ ላይ አብዛኛው ሰው፣ የጤና ተማሪው ጭምር፣ ጣቱን ከላይና ከታች ይይዘዋል። ያን ጊዜ ወደ ላይ ሲገፋ ከሥር ያለው ጣት ይጫናል፤ ተመርማሪውም የመለሰው በግፊቱ እንጂ በአቋሙ አይደለም። አውራ ጣቱን ከግራና ከቀኝ ጎኑ ይያዙት፤ ሌሎቹን ጣቶች እንዳይነካ ለየት አድርገው በጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ያንቀሳቅሱት። ጤነኛ ሰው ይህችን ትንሽ እንቅስቃሴ ያለ ችግር ይለያል። ሰፋ አድርገው ሲያንቀሳቅሱትም አቅጣጫው ከጠፋባቸው በጀርባ በኩል የሚወጣው መንገድ የሆነ ቦታ ላይ ታውኳል።

ይኸው መንገድ የታወከበት ሰው ሳይመረመር ራሱን ያስታውቃል። ቀን ላይ ሲራመድ ደህና ነው፤ መብራት ሲጠፋ ግድግዳ ይፈልጋል። ፊቱን በሳሙና ሲታጠብ ይንገዳገዳል። ዓይኑ የእግሩን ሥራ ደርቦ ይሠራ ስለነበር ዓይን ሲጨፈን ሚዛን ይጠፋል። ለማረጋገጥ ከፈለጉ ግድግዳ ማእዘን ላይ ያቁሟቸው፤ እግራቸውን ገጥመው መጀመሪያ ዓይን ገልጠው፣ ከዚያ ጨፍነው ይቁሙ። እጅዎን ከወገባቸው አያርቁ።

ካርታውን መሳል

እኔ የምወደው ክፍል ይህ ነው፤ ከሁሉም ፍተሻ በላይ ሥራ የሚያቀልልኝም እሱ ነው። ከደነዘዘው ጣት ጀምረው በእግሩ ፊት ለፊት ወደ ላይ ጥጡን በየጥቂት ሴንቲ ሜትር ይንኩ። «አሁን» የሚለው መልስ በጀመረበት ቦታ በእስክሪብቶ ነጥብ ያድርጉ። በውስጥ ጎን፣ በውጭ ጎንና በባት በኩልም ይድገሙት። ነጥቦቹን ያገናኙ። በስቴኪኒውም እንዲሁ፤ ለእሱ ግን ነጥብ ሳይሆን መስቀል ያድርጉ። ሲጨርሱ እግሮቹን ጎን ለጎን በስልክ ፎቶ ያንሱ፤ ቀኑን ወረቀቱ ላይ ይጻፉ። ከጥቂት ወራት በኋላ ሲደግሙት መስመሩ ወደ ጉልበት ወጥቶ ይሁን ባለበት ቆሞ በዓይን ይታያል።

ሁሌም ከሚሰማው ወደማይሰማው ሳይሆን ከማይሰማው ወደሚሰማው ይሂዱ። የሚሰማ ነገር ሲጀምር ማወቅ፣ ሲጠፋ ከማወቅ ይቀላል።

መስመሩ ምን ይናገራል?

መስመሩ ሁለቱንም እግሮች እኩል፣ ካልሲ የሚያርፍበትን ያህል ከከበበ የተጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ጫፍ ላይ ናቸው። የስኳር ሕመም ዋነኛው ተጠያቂ ነው። ብዙ የአልኮል መጠጥና የቢ12 እጥረትም ይህን ያመጣሉ፤ ሜትፎርሚን የተባለውን የስኳር መድኃኒት ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቢ12 ሊያንሰው ስለሚችል ማስመርመሩ ተገቢ ነው። ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድም ቢ6ን ያሳንሳል፤ በዚህ ምክንያት ነው ቢ6 አብሮ የሚታዘዘው። መስመሩ ጉልበት አካባቢ ሲደርስ የእጅ ጣቶች ጫፍም መደንዘዝ ይጀምራል። ተአምር የለውም፤ ጉዳቱ ያን ያህል ርዝመት ያላቸውን ነርቮች ሁሉ ደረሰባቸው ማለት ነው።

ቅርጹ በአንድ እግር ላይ ብቻ የወረደ ጥብጣብ ከሆነ ወደ አከርካሪው ይመልከቱ። የእግር አውራ ጣት ላይኛው ገጽ ከአምስተኛው የወገብ ነርቭ ሥር፣ ትንሿ ጣትና የእግር ውጫዊ ጠርዝ ከመጀመሪያው የዳሌ ነርቭ ሥር ይመጣሉ፤ ከወገብ ተነስቶ እየተሰማ የሚወርድ ሕመም ካለ ከቦታው የተንሸራተተ ዲስክ (በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ) ሊሆን ይችላል። እነዚህን ጥብጣቦች በዓይን ማየት የፈለገ ሰው አልማዝ ባለጭራ የያዘውን ሰው ይመልከት። ቫይረሱ ቀድሞ በተናገርኩላት ጉብታ ውስጥ ዓመታት ተደብቆ ይቆይና ሲነሳ በአንድ ነርቭ መስመር ብቻ ወደ ቆዳ ይወርዳል። ሽፍታው በአንድ ጎን ብቻ ሆኖ ከሰውነት መሀል መስመር ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆመው ለዚህ ነው።

የእጅ አውራ፣ ሌባና መሀል ጣት ሌሊት ሌሊት እየደነዘዘ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ፣ እጅ ሲያራግፉት የሚሻል ከሆነ የታፈነው የእጅ አንጓ ላይ የሚያልፈው ነርቭ ሊሆን ይችላል። ልብስ በእጅ በማጠብ የሚተዳደሩ ብዙ ሴቶች በዚህ ይመጡብኛል። ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆነ ደግሞ ክርንዎን ይጠይቁ።

ከቆዳው ቀለም የፈዘዘ ወይም የቀላ ቁራጭ ኖሮ እዚያ ላይ ብቻ ጥጥና ቅዝቃዜ የማይሰማ ከሆነ ሥጋ ደዌ አለመሆኑ ይመርመር። ባክቴሪያው ቀዝቀዝ ባሉ የሰውነት ክፍሎች ያሉ ነርቮችን ይመርጣል፤ ቀድሞ የሚጠፋውም ብዙ ጊዜ ሙቀትና ቅዝቃዜ ነው። አዲስ አበባ ዘነበወርቅ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሆስፒታል የተቋቋመው ለዚሁ በሽታ ነበር። መድኃኒቱ በነጻ ይሰጣል፤ በሽታው ይድናል። በሐፍረት የተደበቀ ቁራጭ ግን በኋላ ጣት ያስከፍላል።

አንድ የማይገጥም ነገርም ልጨምር። ድርቅ ባለበት ዘመን ጓያ ዋና ምግባቸው ሆኖ እግራቸው የተሳሰረ ሰዎች በጥጥም በስቴኪኒም ቢፈተሹ ብዙ ጊዜ ስሜታቸው ሙሉ ነው። ጓያ የሚጎዳው ከአንጎል ወደ ጡንቻ ትእዛዝ የሚያወርደውን መንገድ ነው። እግር አልታዘዝ አለ ማለትና እግር አልሰማ አለ ማለት ሁለት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ አያደባልቋቸው።

ፍተሻውን ትተው የሚሮጡበት ጊዜ

የፊት፣ የክንድና የእግር አንድ ጎን በድንገት ከደነዘዘ ጥጥ አይፈልጉ። ከታላመስ ወይም ከአንጎል ቅርፊት ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክ በደቂቃ የሚቆጠር ነገር ነው። ሆድ ወይም ደረት ላይ ቀበቶ የታሰረ ያህል መስመር ኖሮ ከዚያ በታች ሁሉ ከደነዘዘ፣ እግሮችም ከደከሙ ሕብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ይችላል፤ መስመሩ እምብርት ላይ ከሆነ አሥረኛው የደረት ነርቭ ከፍታ ላይ ማለት ነው። በእኛ አገር የአከርካሪ ቲቢ ለዚህ ከሚዳርጉት አንዱ ነው። መቀመጫና ብልት አካባቢ ደንዝዞ ሽንት አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። ሰው ስለዚህ ቦታ መናገር ስለሚያፍር እኔ ራሴ ቀድሜ እጠይቃለሁ፤ እርስዎም እናትዎን ቢሆን እንኳ ይጠይቁ።

ካርታው የማይሰማ እግር ካሳየ

የጠፋው ስሜት ሁልጊዜ አይመለስም። ስለዚህ እግሩ ይናገር የነበረውን ዓይንና እጅ ይረከቡታል። በየማታው ውስጥ እግር በመስታወት ይታይ፤ ጫማ ከመጥለቁ በፊት በእጅ ይዳሰስ። የመታጠቢያ ውኃ በክርን ይለካ። ከሰል ምድጃ ዳር እግር ማሞቅ ይቅር፤ በክረምት ከሚመጡብኝ ቃጠሎዎች ብዙዎቹ ከዚያ ናቸው፤ ባለቤቶቹም ያወቁት ሽታው ሲመጣ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ሆነ መስጊድ ጫማ ሲወልቅ ወፍራም ካልሲ ይቅር አይባልም፤ ፀሐይ የዋለበት ድንጋይ ላይ ቅዳሴ እስኪያልቅ የቆመ ደንዛዛ እግር በማግሥቱ ውኃ ቋጥሮ ይገኛል። የጠነከረውን ቆዳ በምላጭ መቅረፍም አይገባም።

ወደ ሐኪም ሲሄዱ ፎቶውን፣ ቀን የተጻፈበትን ወረቀትና የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች በሙሉ ከነካርቶናቸው ይያዙ፤ ለጨጓራም ይሁን ለቲቢ አንዱንም «ይሄ አይመለከተውም» ብለው ቤት አይተዉት። ካልሲና ጫማ በቀላሉ የሚወልቅ ያድርጉ፤ ምርመራው ተጀምሮ እስኪያልቅ ጫማዎ እግርዎ ላይ ከቆየ «ዶክተር፣ እግሬን አላዩልኝም» ይበሉ።